ዝም ያሉበት ጠዋት

በታካላር የባሕር ዳርቻ፣ ውኃ ውስጥ ለሽያጭ የሚያለሙትን የባሕር ሣር ችግኝ ገመድ ላይ የሚያስሩት ሴቶች ዝም ብለው የሠሩበት ቀን ቢኖር፣ ሲናር ለመንግሥት የነፃ ትምህርት ዕድል በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ የተደረገላት ጠዋት ብቻ ነው።

ጥፋቱ የኔትወርኩ ነው። በመንደሩ ኔትወርክ ደህና የሚይዘው በአክስቷ በዳዕንግ ካናንግ ቤት ሥር፣ ቤቱን ከመሬት ከፍ አድርገው በያዙት ምሰሶዎች መሀል ነው፤ ሴቶቹ የሚሠሩትም እዚያው። ደንቡ ደግሞ አመልካቿ ብቻዋን ትሁን ይላል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ሲናር ሁሉንም በየተራ ለመነቻቸው። በዕድሜ ገደቡ ምክንያት ይህ የመጨረሻ ዕድሏ ነው። ሰባቱም አፋቸውን ሊይዙ ማሉ። ማን ያምናቸዋል?

ግማሽ ሰዓት ያዙ። ሲናር ሣሩን እያነጣ የሚገድለውን በሽታ ውጭ አገር ሄዳ በማስተርስ ደረጃ ማጥናት እንደምትፈልግ፣ በሽታው ግማሹን መንደር ለቀን ሥራ ወደ ከተማ እንደሰደደው አስረዳች።

"ከዝናብ በኋላ በስንት ቀን ይታያል?" አሉ የጠያቂዎቹ ሰብሳቢ ከስክሪኑ።

ሲናር ማስታወሻዋን ብታገላብጥ አላገኘችውም። ቀና ስትል ዳዕንግ ካናንግ አምስት ጣቶቿን ዘርግታለች። መልሱ አክስቷ እጅ ላይ ነበር፤ ሲናር ግን ሰርቆ መመለሱ አሳፍሯት ተወችው።

"እኔ አላውቅም" አለች። "አክስቴ ታውቃለች። ፊት ለፊቴ ሆና አምስት እያለችኝ ነው።"

"ብቻሽን አይደለሽም?"

"ስምንት ነን።"

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። "አክስትሽን አቅርቢያቸው እስቲ። እናቴ፣ አምስት መሆኑን በምን አወቁ?"

"ሠላሳ ዓመት ሳስር እንዴት ላጣው? በአምስተኛው ቀን ጫፉ ይነጣል። ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም። እሷን መላክ የፈለግነው ለዚሁ ነው።"

"ተምራ እዚያው ብትቀርስ?"

"ልጆቻችን ሳይማሩም ሄደው ቀርተዋል፣ አባቴ። ሰው የሚመለሰው የሚሠራው ነገር ሲኖር ነው። ሣሩ ሳያልቅ ቶሎ ላኳት።"

ከዚያ በኋላ ሴቶቹን ማን ይቻላቸው? የቀሩት ስድስቱም በአንድ ላይ ማውራት ጀመሩ፤ ሲናር በቃ አለቀልኝ ብላ አለቀሰች።

ውጤቱ በሁለተኛው ወር መጣ። አልፋለች። ሲናር ችግኝ የምታስርበትን የገመድ ድርሻዋን ለጎረቤት ልጅ ልትሰጥ ስታነሳ፣ ዳዕንግ ካናንግ ከእጇ ተቀበለቻት። እስክትመለስ ብላ ጠቅልላ ምሰሶው ላይ ሰቀለችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።