መንገዱ እስኪከፈት

ጣቢታ የአጥሚቱን ኩባያ ይዛ ስትገባ እማማ የሺወርቅ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ጠበቋት።

«ዱባለ ደወለ?»

«ኔትወርክ የለም እማማ። በማስተር ፕላኑ ረብሻ ሁሉ ነገር ተዘጋግቷል።»

ሦስት ቀን ሙሉ መልሱ ይኸው ነው። ከልጆቻቸው የቀረላቸው ዱባለ ብቻ ነው፤ ሰባ ዓመት ሞልቶታል፣ ልቡን ያመዋል። በየጠዋቱ ከቡራዩ በጣቢታ ስልክ ይደውል ነበር። ጣቢታ የእማማን የጓሮ ክፍል የተከራየች የወላይታ ልጅ ናት፤ የምትሠራበት የውኃ ፋብሪካ የሱሉልታ አስፋልት ላይ ድንጋይ ከተደረደረ ወዲህ ተዘግቷል።

«ትናንት ከእህትሽ ጋር በስልክ ስታወሪ ሰምቻለሁ» አሉ እማማ። «ለእህትሽ የሚሠራ ለእኔ ሲሆን ይጠፋል?»

ጣቢታ ኩባያውን አስቀመጠች።

እማማ የሺወርቅ መቶ ዓመታቸው ነው። በጣሊያን ጊዜ አባታቸው ሲሞቱ ሦስት ሽማግሌዎች ጎህ ሳይቀድ መጥተው ነገሯቸው። የክቡር ዘበኛ ወታደር የነበሩት ባለቤታቸው በታኅሣሡ ግርግር ሲወድቁም እንዲሁ። በቀይ ሽብር የበኩር ልጃቸው ወንዳፍራሽ ከቤት ተወስዶ ሲቀር ግን በሩን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። ያኔ ለቅሶም ክልክል ነበር። ይኸው ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ ሲጸልዩ ስሙን ከሕያዋን ጋር ይጥሩት ከሙታን ጋር አያውቁም። ለብቻው ይጠሩታል።

«ትናንት ማታ ዱባለንም ለብቻው ጠራሁት» አሉ። «ሁለተኛ እንዲህ አልችልም። ንገሪኝ።»

«የዕድሩ ዳኛ ኦቦ ገርባ ናቸው ዝም በይ ያሉኝ። መንገዱ ሲከፈት ዘመድ ከቡራዩ ይመጣል፣ ያኔ በወጉ ይነገራቸው ብለው…» ጣቢታ አፏን በእጇ ያዘች።

«መቼ ይከፈታል?»

«እኔ እንጃ።»

«የዕድሩ ሰዎች በመቶ ዓመቴ ቀጠሮ ይሰጡኛል?»

ጣቢታ እንባዋ ወረደ።

«ቆይ፣ አሁን አታልቅሺ። ገና አልነገርሽኝም።»

«እኔ አላውቅበትም እማማ። እኛ ቸርች እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

«ቀላል ነው። ገርባን ጥሪውና አብራችሁ ኑ። አንኳኩ። ማነው ስል ስማችሁን ተናገሩ። ስትገቡ እንዳትቀመጡ፤ ቆማችሁ፣ ሳትሸፋፍኑ ንገሩኝ።»

ጣቢታ ፊቷን ጠርጋ ወደ በሩ ሄደች። ደጃፉን ሳታልፍ እማማ መልሰው ጠሯት።

«ሁለት ስም ጥሩ። መጀመሪያ ወንዳፍራሽን።»

«እሳቸው እኮ… ማንም አልነገረኝም እማማ።»

«እኔ ነገርኩሽ።»

ቤቱ ጭር አለ። ከአስፋልቱ በኩል የአንድ መኪና ድምፅ እንኳ አይሰማም። እማማ አልጋውን ተደግፈው ተነሡ። ከሚስማሩ ላይ ነጠላቸውን አወረዱና ጥለቱን አንገታቸው ላይ አድርገው፣ አዘቅዝቀው ለበሱ። አጥሚቱ እንደተቀዳ ቀዘቀዘ።

በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?» አሉ፣ እንደማያውቅ ሰው።