የአቶ ወጋየሁ ጸሎት

«ጌታ ሆይ፣ ይቺን... ይቺን ልጅ... ረማ... ሲላ ረማ...»

አቶ ወጋየሁ እጃቸውን በሚካል ትከሻ ላይ ጭነዋል። ሚካል ወገቧን ሲያማት የሰነበተች ጎረቤታቸው ናት፤ በሰፈሩ የጸሎት ኅብረት ልማድ የሚጸለይለት ሰው መሃል ይቀመጣልና እሷ ተቀምጣለች፣ ሌላው ዙሪያዋን ቆሟል። «አሜን፣ ጨምርላቸው» ይላል መሪው ሉቃስ። ከበሩ አጠገብ የቆመችው የአቶ ወጋየሁ ልጅ ዶርቃ ግን አሜን ማለት አቃታት።

ከፋሲካ ወዲህ ነው በጸሎት መሃል ቃላቸው መሰባበር የጀመረው። ሰዉ በስተርጅና ልሳን፣ በማያውቁት ቋንቋ በመንፈስ የመጸለይ ጸጋ፣ ተሰጣቸው ብሎ አመሰገነ። ዕድሜያቸውን ሁሉ መካኒሳ ውስጥ በርና መስኮት ሲሠሩ የኖሩት ዝምተኛ አናጢ በአንዴ ተፈላጊ ሆኑ፤ የታመመ ያለበት ቤት ሁሉ እሳቸውን ይጠራል። ዶርቃም ኮርታ ነበር፣ ለምን ትዋሻለች።

ቤት ውስጥ ማንኪያን «ያ ነገር» ሲሉ እንኳ የመርሳት በሽታ ነው ብላ አልጠረጠረችም። በሽታውን የምታውቀው በአክስቷ በገበያነሽ ነበር። እሳቸው ወሬያቸው ሳይቋረጥ መንገዱ ነው የጠፋባቸው፤ ጎፋ ካለው ቤታቸው ወጥተው ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ሲንከራተቱ ይገኙ ነበር። አባቷ ግን እስከ ዛሬ ለባለታክሲ አቋራጭ ያሳያሉ።

ቃል መርሳታቸው ሲብስ ዶርቃ አባቷን አስመረመረች፤ ዛሬ ጠዋት ሐኪሟ አልዛይመር፣ ያው የመርሳት በሽታ፣ ነው ስትላት ይህንኑ አንስታ ተከራከረች። ሐኪሟ በትዕግሥት አስረዳቻት፤ አንጎል ውስጥ አንዳንድ ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን ስተው ይታጠፋሉ፣ ይከማቻሉ፤ የሚይዙት ቅርጽም ሆነ መጀመሪያ የሚጎዱት ቦታ ከሰው ሰው ሊለያይ ይችላል።

«የአክስትሽን መንገዳቸውን ወሰደ፣ የአባትሽን ቃላቸውን» አለቻት። «በሽታው ግን ያው ነው።»

ሲመለሱ ታክሲው ውስጥ አቶ ወጋየሁ የልጃቸውን እጅ ይዘው ለመናገር ብዙ ታገሉ።

«ልሳን... አይደለም። ቃሉ ይጠፋብኛል።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም፣ አባዬ?»

«ደስ... ደስ ብሏቸው ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ሉቃስ ለሚካል እንዲጸልዩ ሲጠራቸው ኮታቸውን ለበሱ። ዶርቃ ይቅርብህ ብዬ ልከልክለው ወይ ብላ አሰበችና ተወችው። ይህን ከወሰደችባቸው ምን ይቀራቸዋል?

አሁን የአቶ ወጋየሁ ድምፅ ከፍ አለ፤ እንባቸው ወረደ። አንዲት ሴት መንፈስ ቅዱስ ነክቷቸው ነው ብላ ማልቀስ ጀመረች። ዶርቃ የአባቷን ፊት አየች። አንዲት ተራ ቃል እየፈለጉ ነበር፤ ያ ሁሉ ሰው ከቧቸው ብቻቸውን ነበሩ። በሰዉ መሃል አልፋ ክንዳቸውን ያዘች።

«ይቅርታ ወንድም ሉቃስ። አባዬ በልሳን እየጸለየ አይደለም። ታሟል፣ ቃል እየጠፋበት ነው።»

ዶርቃ በሰው ፊት አዋረድኳቸው ብላ ቀና ማለት ፈራች።

አቶ ወጋየሁ እጃቸውን ከሚካል ትከሻ አነሱ። ከግድግዳው ሥር አንድ ወንበር ስበው መሃል ላይ ከሚካል ጎን ተቀመጡና፣ እንዲጸለይላቸው አንገታቸውን ደፉ።