ሁለት ሚሊሜትር

ለአራተኛ ጊዜ እየለካች ሳለች የጋሽ ሚሊሜትር ድምፅ ከታች ተሰማትና እጇ ማውሱ ላይ ቀረ።

"ይሄ በር እስካሁን ይንጫጫል? የዘይት ያለህ!"

ሠራተኞቹ ሲስቁ፣ ወንበር ሲስቡላቸው፣ አንዱም "ጋሼ፣ ወፍረዋል!" ሲል ሰማች። እሷ ወርዳ ሰላም አላለቻቸውም። ሆስፒታል ሳሉም፣ ቤታቸው ከገቡ በኋላም አንድ ቀን ሄዳ አልጠየቀቻቸውም።

በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ያንን ከባድ የፎይል ማሽን ሠላሳ ዓመት ሲያሠሩ ግማሽ ሚሊሜትር የሳተ ሥራ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅምና ማተሚያ ቤቱ ይህን ስም አወጣላቸው። ከአምስት ወር በፊት ግን ማሽኑን ሳያጠፉ እጃቸውን አስገቡና የቀኝ እጃቸውን ሦስት ጣቶች ወሰደባቸው። ሪፖርቱ "በራሱ ቸልተኝነት" አለ። እሳቸውም በግራ እጃቸው ፈርመው ጡረታ ወጡ።

የእሷ ክፍል ፎቅ ላይ ነው። ለማሽኑ የሚሄድ ሥራ ሁሉ መጀመሪያ እሷ ጋ ይመጣል። በወርቃማ ፎይል፣ ማሽኑ በሙቀት በሚለጥፈው ስስ ልባስ፣ የሚታተመውን ለብቻ፣ ከወረቀቱ ላይ አብጦ የሚወጣውን፣ ኢምቦስ የሚሉትን፣ ለብቻ ትለያለች። ሁለቱንም በድፍን ጥቁር ታዘጋጃቸዋለች፤ ሰው እጅ ሲደርስ ወርቅ የሚሆነው ሁሉ እሷ ዘንድ ጥቁር ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ክሊሼ የሚባለው የብረት ቅርጽ ይቀረጽለታል። ሁለቱ ክሊሼዎች ልክ አንዱ ባረፈበት ሌላው ካላረፈ ሥራው ለቅርጫት ነው።

ከአደጋው ወዲህ ማሽኑ ከታች ጓ ባለ ቁጥር ትከሻዋ ይሰበሰባል። ትለካለች፣ ቁጥሩን ታያለች፣ ዞር ብላ ስትመለስ አታምነውም። አውቶቡስ ውስጥ ሳይታወቃት ብረቱን የጨበጡ ሰዎችን ጣት ትቆጥራለች።

ሥራ አስኪያጁ አንገቱን በበሩ አስገባ።

"የማሠልጠኛው ምስክር ወረቀት ነገ ይፈለጋል። አዲሱ ማሽኒስት ማገጣጠም አቅቶት ከጠዋት ጀምሮ ሲደናበር ነው የዋለው። ሽማግሌውን ለምኜ አመጣኋቸው። ፋይሉ ደህና ነው አይደል?"

"ደህና ነው። ያው ያለፈው ነው።"

ያው ያለፈው አልነበረም።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከታች ጭብጨባ ተሰማ። ከዚያ ደረጃው ላይ በዝግታ እየዳበሰ የሚወጣ ኮቴ። ጋሽ ሚሊሜትር በግራ እጃቸው አንድ ወረቀት ይዘው ገቡ።

"እዚህ ተደብቀሽ ነው?"

"ሥራ በዝቶብኝ ነው ጋሼ። እንደምን ነዎት?"

"እኔማ ምን እሆናለሁ? ጥፍር መቁረጥ ቀለለኝ፤ ሰባት ብቻ ነው።"

ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ወረቀቱን ፊቷ አስቀመጡት። ላይ ወርቃማ ማኅተም፣ ከሥሩ የማሠልጠኛው ስም።

"ንኪው።"

"አየሁት ጋሼ።"

"በዓይን አይደለም። ንኪው እንጂ!"

ነካችው። የወርቁ ጠርዝና የእብጠቱ ጠርዝ አንድ ሆነው ጣቷ ሥር አለፉ።

"በግራ እጄ ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም" አሉ ተቀምጠው። "ያን ቀን ይሄንኑ ሥራ ከምሳ በኋላ እስከ አሥር ሰዓት ለፋሁበት። ማኅተሙን ሳስገባ ስሙ ይሸሸኛል፣ ስሙን ሳስገባ ማኅተሙ ይሸሸኛል። የሆነ ነገር የሚቀልድብኝ መሰለኝ። በመጨረሻ ተናደድኩና…"

"ክሊሼውን አልለኩትም?"

"አንቺ ያዘጋጀሽውን መች ለክቼ አውቃለሁ?" ሳቅ አሉ። "ዓይኔ ነው የከዳኝ። ሐኪሙ ምንም አላገኘበትም፤ አላምነውም። መነጽሬን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። መንገድ መሻገር እፈራለሁ ብልሽ ታምኛለሽ? የልጅ ልጄን ይዤ መውጣት ትቻለሁ። መኪናው ሩቅ ነው ብዬ ቅርብ ቢሆንስ?"

ጆሮዋ ውስጥ ማሽኑ ጓ አለ። ከታች ግን ቆሞ ነበር።

ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረችው። አምስት ወር ያልከፈተችውን፣ ግን ለመሰረዝም እጇ እምቢ ያላትን ፋይል ከፈተች። ፎይሉን ጥቁር፣ ኢምቦሱን ቀይ አድርጋ ደራረበቻቸው። ስሙ በስሙ ላይ ልክ አረፈ። ከማኅተሙ ጎን ግን ቀጭን ቀይ ጠርዝ ወጣ።

"የዚያን ቀኑ ይሄ ነው" አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። "ደንበኛው ደውሎ ማኅተሙ ትንሽ ወደ ቀኝ ይሁን አለ። የፎይሉን ገፋሁት፣ የኢምቦሱን ረሳሁት። ክሊሼዎቹም እንዲሁ ተቀረጹ። ማንም ቢመጣ ሊገጥም አይችልም ነበር። በማግስቱ በሌላ ፋይል አስተካክዬ፣ የድሮው ክሊሼ በአደጋው ተጎድቷል ብዬ አዲስ አስቀረጽኩ።"

እሷን አላዩዋትም። ስክሪኑን ነው ያዩት።

"ሁለት ሚሊሜትር" አሉ።

"አዎ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ፤ እንደገና ገፋ አደረጉ።

"ከዚህም ይታየኛል" አሉ። "ያለ መነጽር ይታየኛል።"

መነጽሩን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

"አምስት ወር ሙሉ፣ ምነው ልጄ?"

ተነሥተው በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ።

"እናትሽ አሁንም መድኃኒት ላይ ናቸው?"

"አዎ ጋሼ።"

"እንግዲያው ፋይሉን አጥፊው። እኔ ካወቅሁት ይበቃኛል። ሰውዬው ቢሰማ ዛሬውኑ ነው የሚያባርርሽ።"

ደረጃውን ሲወርዱ ሰማቻቸው፤ ሲመጡ እንደነበረው እየዳበሱ አልነበረም።

ፋይሉን አተመችው። ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፈችበት፣ ከሥሩ "ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ" ብላ ፈረመች፤ ከዚያ ወረቀቱን ይዛ ኮሪደሩ ጫፍ ወዳለው ቢሮ ሄደች።

ሥራ አስኪያጁ ስልክ ላይ ነበር። ውጪ እንድትጠብቅ በእጁ ምልክት ሰጣት። እሷ ግን በሩን ዘግታ፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች።