ትራንሲቶ ስትጻፍ

«ሃይማኖት?»

ቆጣሪዋ ኦቲልያ ይህን ጥያቄ ስትጠይቅ ዛሬ ይህ አሥራ ዘጠነኛው ቤት ነው። እግሯ ጫማዋ ውስጥ አብጧል፤ እርሳስ የያዙት ጣቶቿም ዝለዋል። የሕዝብ ቆጠራው የመጨረሻ ቀን በመሆኑ ብቻ ነው የቆመችው።

«ካቶሊክ» አሉ እማማ ትራንሲቶ።

«ካቶሊክ ትላለች እንዴ!» የልጅ ልጃቸው ኤልቪራ በቆሎ እየፈለፈለች ሳቀች። እሷ ፕሮቴስታንት ከሆነች ሦስት ዓመቷ ነው። «ዝናቡ ሲዘገይ ዶሮዬን ይዛ ምንጩ ዘንድ የሄደችው ማን ናት?»

«ዘነበ አልዘነበም?»

«ዘነበ።»

«ታዲያ ዝም ብለሽ ፈልፍይ።»

ኦቲልያ ካቶሊክ ብላ ጻፈች። «ዘርዎስ? ክልስ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነባር ተወላጅ።»

አሮጊቷ ወረቀቱን አተኩረው አዩት።

«ክልስ በያት፤ ሁላችንም እንደዚያ ነው ያልነው» አለች ኤልቪራ።

እውነቷን ነው። ኮረብታው በሙሉ ክልስ ብሏል። ኦቲልያ ወደ በራቸው ስትጠጋ በነባሮቹ ቋንቋ በናዋት የያዙትን ወሬ የሚያቋርጡት ሁሉ ክልስ ብለዋል። የገዛ እናቷም እንዲሁ። የሚጻፈው የታየው ሳይሆን የተነገረው ነው። ድካሟ ቀደማትና እርሳሷን መልሱን ሳትሰማ ወደ ክልስ አስጠጋች።

«ቆይ» አሉ እማማ ትራንሲቶ። «ሰባት ዓመቴ ነበር። ያኔም ወረቀት የያዘ ሰው መጣ። ስሙ የተጻፈ ሁሉ አደባባይ ተጠራ። አባቴ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። በማግስቱ እናቴ የአገር ልብሳችንን ጓሮ ቀበረችው። በቋንቋችን ስናወራ ከሰማች አፋችንን ትመታን ነበር።»

የኤልቪራ እጅ በቆሎው ላይ ቆመ። ይህን ሰምታ አታውቅም።

«ይኼን ማን ያነበዋል?» አሉ አሮጊቷ ወደ ቅጹ እያመለከቱ።

«ቁጥር ብቻ ነው የሚወሰደው፣ እማማ።» ሥልጠናው ላይ የተባለው ይህ ነው፤ አሁን ግን ኦቲልያ ራሷም እርግጠኛ አልነበረችም።

«እንግዲያው ነባር በይ።»

ጻፈች። ቀና ስትል አሮጊቷ አሁንም ወረቀቱን እያዩ ነበር።

«አባቴስ?»

«ቅጹ በሕይወት ላሉት ነው፣ እማማ።»

«ያኔ ሲጽፉትም እኮ በሕይወት ነበር።»

ኦቲልያ ከቁልቁለቱ በታች ገና ሁለት ቤት ይቀራታል። ቅጹን ገለበጠችና፣ ምንም እንዳይጻፍበት የታዘዘውን ባዶውን ጀርባ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

«ስማቸው ማን ነበር?»

እማማ ትራንሲቶ በክፍቱ በር መጀመሪያ መንገዱን፣ ቀጥሎ የልጅ ልጃቸውን አዩ። ኤልቪራ የበቆሎውን ቅርጫት ከጭኗ አወረደች። ተነሥታም በሩን ዘጋችው።