መቶ ሃያ አራት ዩኒት

አክስቷ በሥራ ሰዓት ደውላ አታውቅም። ያን ቀን ግን ፕሮግራመሯ ገና ወንበሯን ሳታሞቅ ስልኳ ጠራ።

«የኔ ልጅ፣ ይቺ ለአጎትሽ የሠራሽለት ነገር ዛሬ ብዙ ውጋ አለችው። አንድ መርፌ ስለማይበቃው ሁለት ጊዜ ሊወጋ ነው። አንዱን ሞልቶታል።»

«ስንት ይላል?»

«መቶ ሃያ አራት።»

ክው አለች። ስኳር ያለባቸው አጎቷ ጠዋት ጠዋት የሚወጉት ኢንሱሊን ከሃያ ዩኒት በልጦ አያውቅም። ልኩን የሚያሰላላቸውን የስልክ መተግበሪያ የጻፈችው ራሷ ናት፤ የሚታከሙበት ክሊኒክም ወዶላት ለሌሎች ሕመምተኞች አድሏል። ትናንት ደግሞ አድሳ ለሁሉም ልካዋለች።

«ስልኩን ስጪያቸው፤ አሁኑኑ።»

«አቤት ልጄ» አሉ አጎቷ ዘና ብለው።

«አጎቴ፣ መርፌውን ያስቀምጡት። ስሕተት ነው፤ ይገድልዎታል።»

«አንቺ የሠራሽው ይሳሳታል እንዴ?» አሉ። ቀልድ አልነበረም፤ የምራቸውን ነው የጠየቁት።

አክስቷ መርፌውን ወስዳ እስክትደፋው ድረስ ፕሮግራመሯ ስልኩን አልዘጋችም። ከዚያ መተግበሪያውን ለሕመምተኞቹ ሁሉ አቋረጠችና ከመሳቢያዋ የአጎቷን የመሰለ አሮጌ ስልክ አወጣች። በእሱም በራሷ አዲስ ስልክም የአጎቷን ቁጥሮች አስገባች፦ የዘወትሩን አሥራ ሁለት፣ በዕለቱ የስኳር ልኬት የሚጨመረውን አራት። አዲሱ ስልክ አሥራ ስድስት አለ። አሮጌው መቶ ሃያ አራት።

የጻፈችውን ኮድ ከፈተች። አዲሶቹ ስልኮች ከስኳር መለኪያው የሚመጣውን ለመተግበሪያው በቁጥርነት ሲያቀብሉ፣ አሮጌዎቹ በጽሑፍነት ነበር የሚሰጡት። ጽሑፍ ደግሞ አይደመርም፤ ጎን ለጎን ይቀጠላል፤ 12 እና 4 ተቀጥለው 124 ይሆናሉ። ከሠላሳ እንዳያልፍ ያበጀችው ገደብስ? እሱንም ያኖረችው ለአዲሱ ስልክ በጻፈችው ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። አሮጌው ገደብ መኖሩን እንኳ አያውቅም።

አሮጌ ስልክ ያላቸው አርባ አንድ ሕመምተኞች ነበሩ። ከክሊኒኩ ነርስ ጋር ስም ዝርዝሩን ተካፍለው ደወሉ። አንዲት ልብስ ሰፊ አራት ጊዜ ተደውሎላት አላነሳችም፤ በአምስተኛው ስታነሳ ፕሮግራመሯ «ደኅና ነሽ?» ብቻ አለቻት። ሴትዮዋ ቁጥሩን አላምን ብላ ነርሷን ልትጠይቅ መንገድ ላይ ነበረች። እግዜር ሲያተርፍ ሁሉም ተረፉ።

ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ አጎቷ ቤት ሄደች። ይቅርታ ልትጠይቃቸው አፏን ስትከፍት እጇን ያዙ።

«ሦስት መቶም ቢል እኮ እወጋው ነበር» አሏት፣ በኩራት።

አጠገባቸው ቁጭ አለች።