እርሳስ የሌለበት ቤት

እህቴ ቤቷ ውስጥ የነበሩትን እርሳሶች ሁሉ ሰብስባ ምድጃ ውስጥ ማገደቻቸው። ጉርዱንም ባለቀለሙንም አልማረችም። ትልቋ ልጇ የሒሳብ የቤት ሥራዋን በእስክሪብቶ እየሠራች ከአስተማሪዋ ጋር በየቀኑ ትጋጭ ጀመር። እህቴ ግን ፍንክች አላለችም። የጤና ባለሙያው የትንሿን ደም አስመርምሮ «ደሟ ውስጥ እርሳስ በዝቷል፤ ከእርሳስ ያርቋት» ብሏታላ!

ትንሿን ሚጣ እንላታለን። ሦስት ዓመቷ ነው። አፏን የፈታች ሰሞን ቤቱን በወሬ ታምሰው ነበር አሉ። አሁን ቃላቷ አንድ በአንድ እየጠፉ ነው። ሆዷን ይዛ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ግድግዳ ተደግፋ ትፈዛለች። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ከባሕር ማዶ ስመለስ «እማ» ከሚለው በቀር ብዙም አልቀራትም።

ለሁለተኛው ምርመራ አብሬያቸው ሄድኩ። እህቴ መንገድ ጠራጊ ናት፤ ከሥራ በቀጥታ ከነደንብ ልብሷ ነበር የመጣችው። ባለሙያው ውጤቱን አየና ግንባሩን ቋጠረ።

«አልወረደም፤ እንዲያውም ጨምሯል።»

«እንዴት ይሆናል?» አለች እህቴ። «ቤቴ ውስጥ እርሳስ የሚባል ዘሩ የለም! ትልቋ እንኳ በእስክሪብቶ ነው የምትጽፈው። በዚሁ ጦስ አስተማሪዋ አስጠርታ ሰድባኛለች።»

ባለሙያው እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጥን።

«እታለም፣ የሚጻፍበት እርሳስ አይደለም» አልኳት። «እሱስ ስሙ ብቻ ነው። ይኼኛው መርዘኛ ብረት ነው።»

«ምን ነካህ? የሦስት ዓመት ልጅ ብረት ከየት አምጥታ ትበላለች?»

«ከአቧራ። እርሳስ ይጨመርበት የነበረው የድሮው ቤንዚን፣ መንገድ ዳር የሚሰባበረው የመኪና ባትሪ፣ የተላጠ ቀለም፣ ሁሉም አስፋልቱ ላይ ይራገፋል። ቤንዚኑ ቀርቷል፤ የተፋው ግን እዚያው ነው።»

«ስሙን ያወጣው ሰውዬ ምን ሆኖ ነው? ሌላ ስም ጠፍቶ?» ልትስቅ ሞከረች፤ ሳቁ አልመጣላትም።

ሚጣ ጭኗ ላይ ተኝታለች። እህቴ ስትጠርግ አቧራው እንዳይገባባት አፍና አፍንጫዋን የምትሸፍንበት ሻሽ አንገቷ ላይ ወርዶ ተንጠልጥሏል። ልጅቷ ጫፉን አፏ ውስጥ ከታ እንደ ጡጦ ትጠባዋለች። ጡት ከተወች ጀምሮ እንቅልፍ የሚወስዳት እንዲህ ነው። እህቴ ዓይኔን ተከትላ ቁልቁል አየች። ጨርቁን ቀስ ብላ ከአፏ ሳበችው። ሚጣ ነቅታ ጮኸች።

«እኔ ነኝ?» አለችኝ እህቴ። «እኔ ነኝ ወይ? ተናገራ፣ ዶክተር! ይኼን ሁሉ ዘመን ምን ስትማር ኖርክ?»

«መንገዱ ነው።»

«መንገዱ እግር አውጥቶ ቤቴ ገባ?»



እርሳሱን ከደሟ የሚያወጣው መድኃኒት የለም ተባልን። ቢገኝም ልጅቷ ተመልሳ ያንኑ አቧራ ከዋጠች ልፋቱ ከንቱ ነው። እህቴ የሥራ ልብሷን እዚያው ትታ ለመምጣት ካቦዋን ብትጠይቀው «ለእመቤቲቱ ቁም ሣጥን ይሠራላት!» ብሎ አብረዋት የሚጠርጉትን አሳቀባት። ሥራውን እንዳትተው፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ የቤቱ ምሰሶ እሷ ናት፤ እኔ ገና ሥራ ፈላጊ ነኝ። ስለዚህ አንድ መላ መታን። ማታ ስትመለስ ሚጣን ቤት ውስጥ እይዛታለሁ፤ እሷ ጓሮ ገላዋን ታጥባ፣ ልብስ ቀይራ ትገባለች።

በጀመርንበት ቀን ውኃ ጠፋ። ቧንቧው ከጠዋት ጀምሮ ሲያፏጭ ዋለ። ትልቋ ጄሪካን ይዛ ፍለጋ እንደወጣች አልተመለሰችም።

ሚጣ የእናቷን ኮቴ ታውቀዋለች። «እማ! እማ!» እያለች ሮጠች። ቀድሜያት በሩን በጀርባዬ ዘጋሁት።

«ውኃ አለ?» አለች እህቴ ከውጭ።

«የለም።»

«እንግዲያው ልብሱን ብቻ ልቀይር።»

«ፀጉርሽስ? እጅሽስ?»

«ዛሬን ብቻ ልቀፋት። አንድ ቀን ምን ያመጣል? አንተ ታውቅ የለ፣ ንገረኝ፤ አንድ ቀን ምን ያመጣል?»

አላውቅም። የተማርኩት ለልጅ ደኅና የሚባል መጠን የለም ይላል። በር ተዘግቶባት እናቷን ስትጠራ የምታመሽ ልጅ ምን እንደምትሆን የነገረኝ መምህር የለም።

«አልከፍትም፣ እታለም።»

«ድንጋይ! ልብህን እዚያው ባሕር ማዶ ጥለኸው ነው የመጣኸው?»

ከዚያ በሩን ተደግፋ ቁልቁል ስትንሸራተት ሰማኋት። በሩ ሥር ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት አለ። ሚጣ በሆዷ ተኛችና ጣቶቿን በዚያ ሰደደች።

«ያዝኩሽ!» አለች እህቴ ከወዲያ በኩል፤ ታለቅሳለች፣ ትስቃለችም። «ይኸው ያዝኩሽ፣ የኔ እናት!»

ሚጣም ሳቀች። ከመጣሁ ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ቆሜ ሳቋን ስሰማ እጇን መልሳ ሳበች፤ ጎንበስ ብዬ ሳልይዛት፣ እናቷ የጨበጠቻቸውን ጣቶች አንድ ላይ አፏ ውስጥ ከተተቻቸው።