ጓሮ የገባ ወንድ

ባሌ ዘውዱ የሚያውቀውን ነገር ደብቆኝ ልጄን ከትምህርት አስቀርቶብኛል። ይኼን ቂም ስንት ክረምት ተሸክሜዋለሁ። ሰው ሲሰማ የደበቀኝ ወርቅ፣ ወይ ሌላ ሴት ይመስለዋል። የደበቀኝ የድንች አተካከል ነው።

ከመነሻው ልናገር። ቤታችን ጋፋት ነው፤ ደብረ ታቦር ከተማ ገበያ ደርሰን የምንመለስበት። በእኛ አገር እርሻው የወንድ፣ ጓሮው የሴት ነው። ጤፉና ገብሱ የዘውዱ፤ ጎመኑ፣ ሽንኩርቱና ድንቹ የእኔ። በደርግ ጊዜ ደግሞ ከእህሉ ላይ ኮታ ይነሣል፤ የተረፈው ለአፍም አይበቃ። ድንቹን ግን ማንም አይጠይቀንም ነበር። ልጃችን የሺ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማረው በእሱ ነው፤ ግማሹ ተሸጦ ለኪራይ፣ ግማሹ ለስንቋ።

አንድ ዓመት፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ ገበሬ ማኅበሩ ጥቂት አባወራዎች መርጦ ከተማ ለሥልጠና ላካቸው። ዘውዱ አንዱ ነበር። ሲመለስ ገና ከደጅ ጠየቅሁት።

«ምን አስተማሩህ?»

«ወሬ ነው። ምን ይረባል።»

«ሳምንት ሙሉ ወሬ?»

«ማሬ፣ ደክሞኛል። ውኃ ስጪኝ።»

ውኃውን ሰጠሁት። ለካ ያስተማሯቸው ስለ ድንች ኖሯል። ሲመለሱ ጠላ ቤት ጎራ ቢሉ ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል። «ዘውዱ ሞፈሩን ሰቅሎ ጓሮ ገባ! ከእንግዲህ ጎመን ቀንጥሶ ሊያበላን ነው!» ብለው ጠጪዎቹ ተሳለቁበት። ከዚያች ቀን ወዲህ አፉን ለጎመው። የሚተክሉት ሴቶቹ፣ የተማሩት ወንዶቹ። የላካቸውም ይኼን አላሰበ፤ የተላከውም አልነገረኝ።

እኔ እናቴ እንዳሳየችኝ ተከልሁ። ትልልቁን ለቅሜ ገበያ አወጣለሁ፤ ደቃቃውን ለዘር አስቀራለሁ። ለአፈር ትልቁን መስጠት ጥጋብ ይመስለን ነበር። ድንቹ ግን ዓመት በመጣ ቁጥር እያነሰ ሄደ። አንድ ቀን ገበያ ላይ አንዱ ገዢ ጎንበስ ብሎ ከጆንያዬ ዘገነና፣ «እቴ፣ ይኼ ድንች ነው ወይስ የፍየል በጠጥ?» አለኝ። አጠገቤ ያሉት ሁሉ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

የሺ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ፣ «እማዬ፣ ስንቁ ሐሙስ ሳይደርስ አለቀ» ትለኝ ጀመር። እየቆየች ይኼንንም መናገር ተወች። ፊቷን አይቼ ነው የማውቀው። ቤት አከራይዋም ሰለቸች። ዘጠነኛ ክፍል እንደገባች፣ በጥር፣ ሐሙሲት ለሚኖር ሰው ዳርናት። ሙሽራ ሆና ስትወጣ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ዓመት ክረምት የግብርናው ሠራተኛ አለሙ በደጃችን ሲያልፍ አጥር ላይ ተደግፎ ቆመ።

«እትዬ ማሬ፣ ይኼ ጓሮ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው። ምን ሆነ?»

«እንዲህ ተጨናንቆ? ግንዱም ሥሩ አፈር አልታቀፈ። ጋሼ ዘውዱ አልነገሩዎትም እንዴ? ከሠልጣኞቹ ሁሉ እንደ እሳቸው የሚጠይቅ አልነበረም እኮ።»

ክው አልሁ። እዚያው በአጥሩ ላይ፣ ዝናቡ ሳይመልሰው፣ ጥቂት ጥቂቱን ነገረኝ። ድንቹ ሲያብብ ደህና ደህናው ተክል ሥር ችካል ይተከላል። ሲቆፈር የእሱ ፍሬ ለብቻው ይወጣል፤ የዶሮ እንቁላል የሚያህለው ለዘር ይያዛል። አራርቆ መትከል፣ አፈር ማስታቀፍ፣ ይኼው ነው። ምኑ ይከብዳል?

ዘውዱ በሬዎቹን አስገብቶ ሲመጣ በር ላይ ጠበቅሁት።

«ከተማ የተማርኸው ስለ ድንች ነበር?»

ጅራፉን ግድግዳው ላይ ሰቀለ።

«ዘውዱ!»

«ሳቁብኝ እኮ፣ ማሬ።»

«የሺ ከትምህርት ስትወጣስ፣ ያን ጊዜ ሳቁብህ?»

አልፎኝ ወደ ቤት ገባ። እኔም ከዚያ በኋላ አልጠየቅሁትም። «ከእንግዲህ ጓሮዬን እንዳትረግጥ» አልሁት፤ አልረገጠም።

አለሙ እንዳለኝ አደረግሁ። በሁለተኛው ዓመት አንድ ተክል ስነቅል እጅ የሚሞላ ድንች ተከታትሎ ወጣ። ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ቀቅዬ ለዘውዱ አቀረብሁለት። «መልካም ነው» አለ። «ብላ» አልሁት። በዚያ ቤት ስለ ድንች የተነገረው ይኼው ብቻ ነው።

ዘሩን ለከርሞ ማሳደር ግን አልሆነልኝም። ጨለማ ጥግ እከምረዋለሁ፤ ነጭ፣ ቀጭን፣ እንደ ትል የረዘመ ቡቃያ ያወጣል፤ ግማሹም ይበሰብሳል። የበሰበሰውን ስደፋ ዘውዱ ያየኛል። አፉን ሊከፍት ይልና ዓይኔን ሲያይ ይዘጋዋል። እልኸኛ ነኝ። ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር። አልጠየቅሁትም።

እንዲህ ሆነን ስንት ዓመት ከረምን። አንድ ሐምሌ የሰፈሩ ሴቶች የጽዋ ማኅበር ተራው የእኔ ሆነ። ጎረቤቴ ጌጤ ቀድማ መጣችና ጓሮዬን እያየች ቆመች።

«ማሬ፣ በመስከረም ልጄን ከተማ አልመልሳትም፤ ትምህርቷን ላስተዋት ነው። ድንቹ ከዳኝ። ያንቺ እንዴት እንዲህ አማረ?»

የማውቀውን ነገርኋት።

«ዘሩንስ የት ነው የምታሳድሪው? የእኔ በየዓመቱ ነው የሚበሰብስ።»

መልሱ ከቤቱ ጀርባ እንጨት እየፈለጠ ነበር፤ የምሳሩ ድምፅ ይሰማኛል። የጌጤን ልጅ አውቃታለሁ። እሷም እንደ የሺ ሳትናገር በፊቷ የምትነግር ልጅ ናት።

ሴቶቹ ጸበል ጻዲቁን ቀምሰው እንደጨረሱ ተነሥቼ ወጣሁ።

«ዘውዱ፣ ና።»

«የት?»

«ጓሮ።»

ምሳሩን አስቀመጠ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ሰብስበው ተከተሉን። አፈ ጉዷ ወርቅነሽ ዝም አትልም፤ «አንተ ዘውዱ፣ በስተርጅና ጓሮ ገባህ?» አለችው። ሳቁ። ዘውዱ አንገቱን ደፋ፤ ጥሎን የሚሄድ መሰለኝ።

«አዎ፣ ገብቷል» አልሁ። «እኔ ነኝ ያስገባሁት። የተማርኸውን ሁሉ ንገራቸው።»

ተንበረከከ። አፈሩን በሁለት እጁ እየሳበ ግንዱ ሥር ከመረ። «እንዲህ አስታቅፉት፤ ፀሐይ ያየው ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ ለመብል ክፉ ነው» አለ። «ለዘር ያስቀመጣችሁት ግን አረንጓዴ ቢሆን አትደንግጡ። ዘር ጨለማ አይወድም። ዝናብና ፀሐይ የማያገኘው፣ ብርሃን የሚገባው ቆጥ ላይ ዘርጉት። ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይወጣል።» የታመመውን ቅጠል ቀንጥሶ አሳያቸው። የጠየቁትን ሁሉ መለሰ። አንዲት ነገር አልረሳም። ይኼን ሁሉ ዓመት ከእኔ ጋር ሲበላ፣ ሲተኛ፣ አንድ ሳይጎድል በሆዱ ይዞት ኖሯል። ባይችልበት ይሻለኝ ነበር።

ጌጤ በአድናቆት ታየዋለች። «ጋሼ ዘውዱ፣ ይኼን ሁሉ መቼ ተማሩት?»

እጁ አፈር እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ።

«የሺ ሰባተኛ ክፍል ሳለች» አልሁ እኔ።

የሳቀ የለም። ጌጤ ነጠላዋን አደግድጋ ተንበረከከችና ከጎኑ ያለውን ተክል አፈር ማስታቀፍ ጀመረች።